የሽንት ቀለም ስለ ጤናችን ምን ይነግረናል?

የሽንት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲደርስ፣ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ከመመርመሩ በፊት ቀለሙን ይመለከታል። ይህን የመጀመሪያ ምርመራ ማንኛውም ሰው ያለ ምንም መሣሪያ በየዕለቱ ሊያደርገው ይችላል። ይሁን እንጂ ያየነውን በትክክል ለመረዳት ቀለሙ ከየት እንደሚመጣና በምን ምክንያት እንደሚለዋወጥ ማወቅ ይኖርብናል። አለበለዚያ ጉዳት የሌለው ለውጥ ያስደነግጠናል፤ አደገኛው ደግሞ ሳናስተውለው ያልፋል።

የቢጫው ቀለም መነሻ

የሽንት ቢጫነት መነሻው ደም ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል በሰውነታችን ውስጥ 120 ቀናት ያህል የሚቆይ ሲሆን፣ ዕድሜው ሲያበቃ በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ይፈራርሳል። ከዚህም ቢሊሩቢን የተባለ ብርቱካናማ ቢጫ ውሕድ ይገኛል። ጉበት ቢሊሩቢንን ከደም ለይቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ዩሮቢሊኖጅን ወደሚባል ቀለም አልባ ውሕድ ይለውጡታል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ወደ ደም ተመልሶ በኩላሊት በኩል ይወጣል፤ በኦክስጅን አማካኝነት ሲለወጥም ዩሮቢሊን ይሆናል። ሽንትን ቢጫ የሚያደርገው ይኸው ዩሮቢሊን ነው።

ዩሮቢሊን ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በአንጀት ውስጥ ለውጡን የሚያካሂደው የባክቴሪያ ኤንዛይም ማንነት የተገለጸው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ውኃና የቀለሙ ድምቀት

በጤነኛ ሰው ሰውነት በቀን የሚወገደው የዚህ ቀለም መጠን ብዙ አይለያይም። በእጅጉ የሚለዋወጠው ቀለሙ የሚሟሟበት ውኃ ነው። አንድ ማንኪያ የሻይ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ ውኃ ሲፈላ የጠቆረ፣ በአንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ ሲፈላ ግን የቀጠነ ሻይ እንደሚሆን ሁሉ፣ የሽንትም ድምቀት የሚወሰነው በውኃው መጠን ነው።

ውኃውን የሚቆጣጠሩት ኩላሊቶች ናቸው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ወደ ደም ይመለሳል። የሰውነት ውኃ ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው የጨው ክምችት ከፍ ይላል። ይህን ለውጥ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ይለይና ቫዞፕሬሲን የተሰኘው ሆርሞን ወደ ደም እንዲለቀቅ ያደርጋል። በዚህን ጊዜ የኩላሊት ቱቦዎች ተጨማሪ ውኃ ይመልሳሉ፤ ሽንቱም እያነሰና ቀለሙ እየጎላ ይሄዳል።

በመሆኑም ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሣ፣ ወይም በጾም ሰዓት ውኃ ሳንጠጣ ስንውል ሽንታችን ቢደምቅ ኩላሊት ተግባሩን እያከናወነ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሎረንስ አርምስትሮንግ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 8 ደረጃ ያለው የሽንት ቀለም ሰንጠረዥ ያቀረቡትም በዚህ መርሕ ላይ ተመሥርተው ነው። በጥቅሉ የገለባ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ውኃ መጠጣታችን በቂ እንደሆነ፣ የማር ዓይነት ጥቁር ቢጫ ደግሞ መጨመር እንዳለብን ያመለክታል። መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ሲሉ ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይጠጡ ተማሪዎች ይህን ምልክት ሊያስተውሉት ይገባል።

ከውኃ ጋር ያልተያያዙ ለውጦች

ምግብና መድኃኒትም ቀለም ይለውጣሉ። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሐምራዊ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚን ቢ2 ደግሞ ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል። ይህ የሚጠበቅ ለውጥ እንጂ የጉዳት ምልክት አይደለም። ቀለሙ ያስፈራው ሕመምተኛ ሕክምናውን ቢያቋርጥ ግን በሽታው ሊያገረሽ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ይህን አስቀድሞ ማወቁ እጅግ ጠቃሚ ነው።

በሌላ በኩል፣ በምግብ ወይም በመድኃኒት ያልመጣ ቅላት የደም ምልክት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ጠጠር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ዕጢ እንዲሁም በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ሥፍራዎች የሚገኘው የሽንት ፊኛን የሚጎዳ ቢልሃርዝያ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ደሙ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ያለ ሕመም ቢጠፋም እንኳ ምርመራ ያስፈልጋል። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ሲጠቁር የኩላሊት ማጣሪያ መቆጣት ወይም ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚመጣ የጡንቻ መፈራረስ ሊኖር ይችላል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኖ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ደግሞ ችግሩ በጉበት ወይም በሐሞት መተላለፊያ ላይ ሊሆን ይችላል። ወባ ያለበት ሰው ሽንቱ ቢጠቁር በአስቸኳይ ሕክምና ማግኘት አለበት።

የነጣ ሽንትም ቢሆን ሁልጊዜ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር በሽታ ሲኖር በሽንት የሚወጣው ግሉኮስ ውኃን ይዞ ይወጣል። በዚህም የተነሣ ሰውነት ውኃ እየጠማው ሽንቱ ብዙና የነጣ ይሆናል። ብርቱ ጥማትና ደጋግሞ መሽናት ከክብደት መቀነስ ጋር ሲታዩ የቀለሙ መንጣት ሊያዘናጋን አይገባም።

እንግዲህ ሽንታችን ጠቁሮ ስናይ በቅድሚያ ምን እንደበላን፣ ምን መድኃኒት እንደወሰድንና ምን ያህል ውኃ እንደጠጣን እናስብ። ውኃ ጠጥተን ቀለሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከፈዘዘ ምክንያቱ የውኃ ማነስ ነበር ማለት ይቻላል። ካልፈዘዘ፣ ከቀላ፣ ወይም ትኩሳት፣ ሕመምና የዓይን ቢጫነት ከተጨመረበት ግን መልሱ የሚገኘው በጤና ተቋም ምርመራ ነው።