ቢጫው ሁሉ አደይ አይደለም
መስከረም ላይ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ስትሉ ሜዳውም የማሳው ዳርም ቢጫ ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም «አደይ አበባ» ብሎ ያልፋል። የዕፅዋት ባለሙያ ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከአበባው ይልቅ ቅጠሉን እዩ።

የአደይ ቅጠል የተከፋፈለ፣ የተተለተለ ነው። መጭ የሚባለው ሌላው ቢጫ አበባ ግን ቅጠሉ ሳይከፋፈል ሞላላ ሆኖ ያድጋል፤ ሲዳስሱት ይሻክራል፤ ያለ ዘንግ በቀጥታ ግንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ብዙ ጊዜም አቅፎት ታገኙታላችሁ። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኑግን ገበሬው ይዘራዋል፣ መጭ ራሱ ይበቅላል። አራሚ ከጤፍ መሀል ይነቅለዋል፤ ንቦች ግን ይወዱታል። እኔም ከንቦቹ ጋር ነኝ!

ለመለየት መንቀል አያስፈልግም። እንድለይላችሁ ፎቶ ስትልኩልኝ ግን አበባውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉንና ግንዱንም አብራችሁ አንሱ።