ድምፅና ገጽ፦ ያለ ዕድሜዋ የተቀጨችው አየርላንዳዊት ገጣሚና ድምፃዊት ካትሊን ሞድ

መግቢያ

አየርላንዳዊቷ ገጣሚ፣ ድምፃዊትና ተዋናይት ካትሊን ሞድ ጁን 6 ቀን 1982 በ41 ዓመቷ በካንሰር ሕመም ሞተች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሞተችበት ጊዜ በስሟ የታተመ አንድም የግጥም መድበል አልነበራትም። ትታው የሄደችው በየቦታው የተበተኑ ግጥሞችን፣ አንድ ሸክላንና በሰሚዎቿ ኅሊና የቀረ ድምፅን ነው። መድበሏ የታተመው ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ከግጥሞቿ አንዱም ውሎ አድሮ በአየርላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚጠና ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ዋና መሣሪያው ድምፅ የሆነ ከያኒ ያለ ዕድሜው ሲሞት በምን ይታወሳል? የመታሰቢያው መንገድስ የሚታወሰውን ሰው ምን ያህል ይለውጠዋል?

አስተዳደግና ዘመን

ካትሊን ሞድ የተወለደችው ሜይ 22 ቀን 1941 በምዕራብ አየርላንድ፣ ኮነማራ በሚባለው ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ነው። እናቷ መምህርት ነበረች፤ ያደገችውም በሮስመክ ነው። ሮስመክ በወል ስማቸው «ጌልታክት» ከሚባሉት፣ የአይሪሽ ቋንቋ የዕለት ተዕለት መግባቢያ ሆኖ ከቆየባቸው ጥቂት አካባቢዎች አንዱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደረሰው ታላቅ ረኃብና ያስከተለው ስደት ክፉኛ የጎዳው አይሪሽ ተናጋሪውን ድኻ ገበሬ ስለነበረ፣ ቋንቋው ወደ ምዕራቡ ጠርዝ እየተገፋ ሄደ። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት አይሪሽን ቀዳሚ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ቢያደርገውም፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሥራው የሚሠራው፣ ገበያውም የሚቆመው በእንግሊዝኛ ነበር። በዚያ ሁኔታ በአይሪሽ መጻፍ ማለት ጥቂት አንባቢን መምረጥ ማለት ነው። ለሞድ ግን አይሪሽ የአፍ መፍቻዋ ነበር፤ የግጥም ቋንቋዋን ከመጽሐፍ በፊት ያገኘችው ከሰው አንደበት ነው።

በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተማረች በኋላ በተለያዩ አውራጃዎች አስተማረች። ስሟ በሰፊው የታወቀው በ1964 በደብሊን ዴመር ቲያትር በቀረበው የማሬድ ኒ ግራዳ ተውኔት በ«አን ትሪል» (ችሎቱ) መሪ ገጸ ባሕርይዋን ስትጫወት ነው። ተውኔቱ ያለ ጋብቻ ፀንሳ በወዳጅም በዘመድም የተገፋች፣ በመጨረሻም ልጇን ገድላ ራሷን ያጠፋች ወጣት ሴት ታሪክ ሲሆን፣ በተከሳሽ ሳጥን የሚያቆመው መላውን ኅብረተሰብ ነው። ሞድ ከገጣሚው ማይክል ሃርትኔት ጋር «አን ላሰር ኽልየ» የተሰኘ ተውኔት በጋራ ጽፋለች። በደብሊን በኖረችባቸው ዓመታትም በአይሪሽ ቋንቋ ንቅናቄዎች ተሳትፋለች፤ በታላ ሰፈር በአይሪሽ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲከፈት ከታገሉት አንዷ ናት።

ዘፈንን «መናገር»

የሞድን ሥነ ግጥም ለመረዳት ያደገችበትን የአዘፋፈን ስልት ማወቅ ያስፈልጋል። ስልቱ «ሻን ኖስ» ይባላል፤ ትርጓሜው «የጥንቱ ልማድ» ማለት ነው። ዘፋኙ ያለ መሣሪያና ያለ አጃቢ ለብቻው ያዜማል። ምቱ ቋሚ ሆኖ አይሰፈርም፤ የቃሉን አነጋገርና የዘፋኙን ትንፋሽ ተከትሎ ይሳባል ወይም ያጥራል። በተለይ በኮነማራ ዜማው በጥቃቅን የድምፅ ጌጦች የተሞላ ነው፤ ጌጦቹም ከአንጓ ወደ አንጓ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት ሆኖ አይሰማም። ዘፋኙ ስሜቱን በፊቱና በእጁ እንቅስቃሴ አያጋንንም፤ ኀዘኑንም ሆነ ፍቅሩን ለቃሉና ለዜማው ይተወዋል።

በአይሪሽ አንድ ሰው እንዲያዜም ሲጠየቅ «ዘፈን ተናገር» ይባላል። አባባሉ የስልቱን ጠባይ ይገልጻል፤ በሻን ኖስ ዜማው ግጥሙን ለማድረስ የቆመ ነውና። በዚህ ትውፊት ያደገ ሰው ግጥምን ከድምፅ ለይቶ አያውቀውም። ሞድ የጻፈችው በዘመናዊው ነጻ ስንኝ ነው፤ ቋሚ ምጣኔና ቤት መምቻ አያስሯትም። ነገር ግን ስንኞቿ የሚሰበሩት ተናጋሪ ትንፋሽ በሚወስድበት ስፍራ ነው። «አውራን ግሮ ቪየትናም» የተሰኘው ግጥሟ በጦርነት መካከል ስለሚዋደዱ ሰዎች የሚናገር ሲሆን፣ በርእሱ ራሱን «የፍቅር ዘፈን» ብሎ ይጠራል። ዜማ የሌለው ግጥም «ዘፈን» መባሉ በሁለቱ ጥበቦች መካከል ሰፊ ድንበር እንዳልነበራት ያመለክታል።

ሦስት የመታሰቢያ መንገዶች

የመጀመሪያው ሸክላው ነው። በ1953 የተቋቋመው የአይሪሽ ቋንቋ አስፋፊ ድርጅት ጌይል ሊን በ1975 «ካትሊን» የተባለውን ሸክላ አሳተመ። በሸክላው ላይ ባህላዊ ዘፈኖችና ራሷ የምታነባቸው ግጥሞች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሞድ በሕይወት ሳለች ለሕዝብ ከቀረቡት ሥራዎቿ ሁለቱን ጥበቦች በአንድ ያሰባሰበው ይህ ነው። ዝምታው የት እንደሚረዝም፣ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው በለሆሳስ እንደሚያልፍ የሚያሳየው ድምፁ ብቻ ነው። ነገር ግን ሸክላም ወሰን አለው፤ በየጊዜው መለዋወጥ ባሕርዩ የሆነውን ዘፈን በአንድ ቀን አዜያዜሙ ላይ ያቆመዋል።

ሁለተኛው መድበሉ ነው። ኪራን ኦ ኮግሊ ያሰናዳው የግጥሞቿ መጽሐፍ በ1984 ታተመ፤ ተውኔቶቿንና ዝርው ጽሑፎቿን የያዘው ቅጽ ደግሞ በ1988 ተከተለ። ይህ ሥራ ባይኖር ኖሮ ሞድን በሥነ ጽሑፍነት ማጥናት እጅግ በከበደ ነበር። ይሁን እንጂ ከሞት በኋላ የሚዘጋጅ መድበል የራሱ ጠባይ አለው። ምርጫውና ቅደም ተከተሉ ገጣሚዋ ራሷ ያጸደቀችው አይደለም። ተመራማሪው መጽሐፉን እንደ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ አንብቦ በግጥሞቹ ተራ ላይ ትርጓሜ ከገነባ፣ የአሰናጁን እጅ የገጣሚዋ እጅ አድርጎ ይወስዳል።

ሦስተኛው የትምህርት ክፍሉ ነው። አብዛኛው ወጣት አየርላንዳዊ ሞድን የሚያውቃት «ጌይቨን» (ግዞት) በተሰኘው ግጥሟ ነው። በግጥሙ የሚናገረው በሩቅ ሞቃት አገር በውበቱ የታወቀ፣ አሁን ግን በአራዊት ማቆያ ተዘግቶበት የሚጋደም እንስሳ ነው፤ ሊያየው የሚመጣው ሕዝብ ሁሉን ሊያደርግለት ይወዳል፣ ከመፍታት በቀር። ይህን ምስል አንዳንዶች በሴት ላይ የተጫነ ቀንበር፣ አንዳንዶች ከተፈጥሮ አገሩ የተነቀለ ሰው፣ ሌሎችም እየተደነቀ የሚደክም ቋንቋ አድርገው ያነቡታል። ግጥሙ ሁሉንም ይሸከማል። አደጋው ያለው ከሌላ ወገን ነው። ገጣሚዋ በወጣትነቷ መሞቷን አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ፣ የታሰረውን እንስሳ የሕመሟ ትንቢት ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ንባብ ሞትን የግጥሙ ደራሲ አድርጎ፣ ሴቲቱ በሕይወት ሳለች የተሟገተችበትን ጉዳይ ይጋርዳል።

ማጠቃለያ

ሦስቱ መንገዶች ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ያቆያሉ። ሸክላው ዘፋኟን፣ መድበሉ ደራሲዋን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የአንድ ግጥም ባለቤትን ያስታውሳል። ሞድ ግን ሦስቱንም በአንድ ያደረች ነበረች፤ ያለ ዕድሜዋ መሞቷ ያስከተለው ዋነኛ ጉዳትም ይህን አንድነት ራሷ በመጽሐፍ አደራጅታ ለማቅረብ ጊዜ ማጣቷ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለቃል ግጥም አጥኚዎች ሁሉ ይጠቅማል። የቃል ትውፊቱ ሕያው በሆነ ቋንቋ የሚጽፍ ከያኒ ሲጠና፣ የድምፅ ቅጂው ከታተመው ጽሑፍ እኩል እንደ ዋና ምንጭ ሊቆጠር ይገባል። በሞድ ረገድ ይህ ማለት ሸክላውን ካዳመጡ በኋላ ወደ መድበሉ መመለስና ስንኙ ለምን በዚያ ስፍራ እንደተሰበረ መጠየቅ ነው። የቋንቋው ተናጋሪዎች በቁጥር ባነሱ መጠን ደግሞ ቅጂዎቹን የመጠበቁ ኃላፊነት ይከብዳል፤ ገጹን በኋላ ዘመን ደግሞ ማተም ይቻላል፣ ያልተቀዳ ድምፅ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።