ውሃ፣ ስፒልና ፎጣ፦ ዳንቴል በቤት ውስጥ እንዴት ይወጠራል?

የዳንቴል የመጨረሻው ዙር አልቆ ክሩ ሲቆረጥ መልኩ ገና አልወጣም። ለሳምንታት እጅ ላይ ሲታሽ፣ ከረጢት ውስጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የከረመ ነው። መሐሉ ይጎረብጣል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ቅጠሉ ቅጠል ላይ ተደርቦ የትኛው አበባ የትኛው ሰንሰለት እንደሆነ አይለይም። ይህን አይተው ተበላሸ ብለው የሚተረትሩ አሉ። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ የቀረው አንድ ሥራ ነው። ዳንቴሉ ይርሳል፣ በልኩ ተወጥሮ በስፒል ይያዛል፣ እስኪደርቅም ሳይነካ ይቆያል።

ይህ ሥራ ከሚገባው በታች የተከበረ ይመስለኛል። ቴሌቪዥን ላይ፣ ሶፋ መደገፊያ ላይ፣ ኮመዲኖ ላይ የምናነጥፈውን ዳንቴል ለመሥራት ወር የማይቆጥቡ እጆች ለውጠራው አንድ ከሰዓት በኋላ ይነፍጉታል። በካውያ ጫን ጫን ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ካውያ ደግሞ ያለውን ቅርጽ ያስተኛዋል እንጂ አያስተካክለውም። የተጣመመው ተጣሞ ይተኛል፣ ከፍ ብሎ የተሠራው አበባም ይጨፈለቃል።

ውሃና ውጠራ ቅርጹን የሚያስተካክሉት በክሩ ተፈጥሮ ነው። ጥጥ የተሠራው ከሴሉሎስ ነው። የሴሉሎስ ረጃጅም ሰንሰለቶች ጎን ለጎን የሚያያዙበት አንዱ መንገድ ሃይድሮጂን ቦንድ የሚባል ደካማ ትስስር ነው። ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ይህ ትስስር ይላላል፤ ክሩ ይለሰልስና ወደሳቡት ይሄዳል። ውሃው ሲተን ትስስሩ እንደገና ይፈጠራል፤ ክሩም በዚያ ሰዓት በነበረበት ቅርጽ ይጸናል። በሚቀጥለው እጥበት ውሃ ሲገባ እንደገና ይላላል፤ ስለዚህ የጥጥ ዳንቴል በታጠበ ቁጥር ውጠራው ይደገማል። ደግነቱ ጥጥ እርጥብ ሲሆን ከደረቁ ይበልጥ ይጠነክራል፤ በእርጥቡ ጠበቅ አድርጎ መሳብ አያስፈራም።

ለዳንቴል የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ክር ራሱ በውጠራ ያለፈ ነው። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር እንደሚያብጥና ቀለም በደንብ እንደሚጠጣ ደረሰበት። ክሩ ሐር የሚመስል ጸዳል ያገኘው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በ1890 ገደማ፣ ሆራስ ሎው ጥጡን ወጥሮ ይዞ ያንኑ ሥራ ሲደግመው ነው። መርሰራይዝድ የሚባለው ክር የመጣው ከዚህ ነው። ለውጠራም ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው፤ ቀጥ ይላል፣ አይበላም፣ የአበባውን መስመር ጥርት አድርጎ ያሳያል።

በሌላውም ዓለም ውጠራ የሥራው አካል ሆኖ ኖሯል። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶችና በሩሲያዋ ኦረንበርግ ስስ የሱፍ ሻል የሚሠሩ ሴቶች ሻሉን አጥበው፣ ጠርዙን በክር እየያዙ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረው ያደርቁታል። ጥለቱ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ዙሪያውን ጥቃቅን ሚስማር የተደረደረበት የመጋረጃ መወጠሪያ ፍሬም በብዙ ቤቶች ይገኝ ነበር።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ሰሌዳ አለ፤ አያስፈልግም። በቴሌቪዥን ወይም በፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ስፒሉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። እሱ ከጠፋ ሁለት ሦስት ካርቶን ደራርቦ በፕላስተር ማያያዝ ነው። ካርቶን ውሃ ስለሚጠጣ፣ ቡናማ ቀለሙም ወደ ነጭ ክር ስለሚያልፍ በላስቲክ መሸፈን አለበት። የፍራሽ ስፖንጅ ለትንሽ ሥራ ይሆናል፤ ለትልቅ ግን አልመርጠውም፤ ክሩ ሲስበው ስፒሉ ወደ ውስጥ ያዘነብላልና።

ገንዘብ መውጣት ካለበት ስፒሉ ላይ ይውጣ። ርካሽ የብረት ስፒል ለአንድ ሌሊት እርጥብ ጥጥ ውስጥ ከቆየ ይዝጋል፤ ጠርዙን ዙሪያውን በቡናማ ነጥብ ይሞላዋል። ከአዲስ ፓኬት አንዱን አውጥቶ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ስፒሉ ይታመናል። የዝገት ነጥብ አስቀድሞ ካረፈ የሎሚ ጭማቂና ጨው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይቆይና በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። በረኪና አይነካው፤ ዝገቱን ያጸናዋል እንጂ አያስለቅቀውም።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው፤ በእኔ እምነት የውጠራው ጥራት ከእጅ ብልሃት ይልቅ በዚህ ወረቀት ይወሰናል። ዓይን ይሸወዳል፤ ክብ የመሰለን ብዙ ጊዜ እንቁላል ነው። በሰፊ ወረቀት መሐል ስፒል ይተከላል፣ ክር ይታሰርበታል፣ በክሩ ጫፍ ላይ እርሳስ ታስሮ ክብ ይሠራል። ዳንቴሉ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ከተፈለገ ክሩ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ያው ክር ሳይረዝምና ሳያጥር በክቡ ጠርዝ ላይ እየተለካ ምልክት ቢደረግበት ልክ ስድስት ጊዜ ይዞራል፤ ስድስቱ ምልክቶች በመሐል በመሐላቸው ሲከፈሉ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። አሥራ ሁለት ቅጠል ያለው አበባ እያንዳንዱ ቅጠል የት መድረስ እንዳለበት አሁን ታወቀ። በውስጡም በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ክቦች ቢጨመሩ የመካከለኛው ዙር እኩል መሳቡ ይታያል። መስመሩ በእርሳስ ብቻ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲያገኝ ወደ ክሩ ይወጣል። ወረቀቱ ፎሙ ላይ ተነጥፎ በሚያሳይ ላስቲክ ይሸፈናል።

ዳንቴሉን ማጠብ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሃያ ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ። ባለቀለም ክር ካለበት ግን ቀድሞ አንድ ጥግ አርሶ በነጭ ጨርቅ ጫን ማድረግ ይበጃል። ቀይ ከነጭ ጋር ተሠርቶ ቀዩ የሚለቅ ከሆነ ዝፍዘፋው ይቀራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ኮምጣጤ ቀለም ይይዛል የሚባለው ለጥጥ አይሠራም። ውሃውን ለማውጣት መጠምዘዝ ክልክል ነው፤ ዳንቴሉ በወፍራም ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ከፎጣው ጋር ይጠቀለላል፣ ከላይም በእጅ ይጫናል። ሲወጣ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ስፒሉ። የመጀመሪያው በዳንቴሉ እምብርት፣ በወረቀቱ ማዕከል ላይ ይተከላል። ቀጥሎ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ አንዳንድ፤ ሁልጊዜ ከተተከለው ትይዩ ያለው ይከተላል። ከአንድ ጎን ጀምሮ ዙሪያውን መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሥራው እየተሳበ ይሄድና መጨረሻው ላይ ያልተሳበው ክፍል ሁሉ ተከማችቶ ይገኛል። ከአራቱ በኋላ መሐል ለመሐል እየተከፈለ እስከ መጨረሻው ጫፍ ይደረሳል። ስፒሉ ክሩን ሰንጥቆ ሳይሆን በቀዳዳው አልፎ ይገባል፤ ራሱም ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ክሩ ሲደርቅ ወደ ውስጥ ሲስብ እንዳይነቅለው። ስፒል መቆጠብ እዚህ ያስከፍላል። አርባ ስምንት ጫፍ ያለው ጠርዝ አርባ ስምንት ስፒል ይፈልጋል። በአሥራ ሁለት ስፒል የተያዘ እንደሆነ በአሥራ ሁለት ቦታ ይሾላል፣ በመሐሉ ይጎድላል፤ እንደዚያው ሆኖም ይደርቃል።

ምን ያህል ይሳብ? እርጥቡ ዳንቴል ተዘርግቶ በሁለት እጅ በዝግታ ሲሳብ ክሩ እንቢ የሚልበት ቦታ አለ። ከዚያ ትንሽ መለስ ብሎ ያለው ስፋት ልኩ ነው። ከዚያ በላይ የተወጠረ ዳንቴል ስፒሉ ሲነቀል ይሰበሰባል፤ አንዳንዴም አንድ ቋጠሮ ይበጠሳል። ተከላው ረዝሞ ክሩ ከደረቀ በጣት ውሃ መርጨት በቂ ነው።

መድረቁ እንደ ወቅቱ ነው። በበጋ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ከጠዋት እስከ ማታ ይበቃዋል፤ በክረምት አንድ ሌሊት አይበቃም፣ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ነጭ ክር ፀሐይ አይጎዳውም፤ ባለቀለሙን ግን ያነጣዋል። የደረቀ የሚመስል ነገር በእጅ ጀርባ ሲነካ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውሃ አለ። ከጊዜው በፊት የተነቀለ ስፒል የቀኑን ድካም ሁሉ ያጠፋል።

ስታርች ለሁሉም አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ዳንቴል በውጠራው ብቻ ቀጥ ይላል። ጠንከር እንዲል ከተፈለገ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያም እየተማሰለ በሚፈላ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ ይፈሳል። የበቆሎ ስታርች የሚወፍረው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት በአዲስ አበባ ከፍታም ይሆናል። ነጭነቱ ሄዶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ደርሷል። እብጠት እንዳይኖረው ተጠልሎና በርዶ፣ የታጠበው እርጥብ ዳንቴል ይነከርበታል፣ ጫን ጫን ተደርጎ ይወጣል፣ ይወጠራል። በቀዳዳዎቹ ላይ የቀረው ስታርች በፎጣ ጫፍ ካልተነሳ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይጋርዳቸዋል።

ጠርዙ ተሸብሽቦ እንዲቆም የሚፈለግ ዳንቴልም አለ። በአሜሪካ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ በጣም ተወዳጅ የነበረው ይህ ዓይነት የሚቆመው በስኳር ነበር፤ ስኳርና ውሃ ሞቆ ዳንቴሉ ይነከርበትና ሽብሽቡ በእጅ ይቀረጻል። ይቆማል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል፣ እርጥበት ባለበትም ይጣበቃል። እኔ ስታርቹን ወፈር አድርጎ መሥራት እመርጣለሁ። ለገና ዛፍ የሚንጠለጠል ኮከብ ወይም ቅርጫት ከሆነ ነጭ ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ያገለግላል። ከኮላው በኋላ ግን የሚታጠብበት ቀን የለም፤ ወደ ኋላ የማይመለስ ሥራ ስለሆነ ለጠረጴዛ ልብስ አይታሰብም።

እስካሁን ያልነው ለጥጥ ነው። አክሪሊክ ሌላ ነገር ነው። በተለመደ አየር ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል፣ ሱፍ 16 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ አክሪሊክ የሚይዘው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ውሃ ወደ ውስጡ ስለማይዘልቅ ታጥቦ ቢወጠር ስፒሉ ሲነቀል ብዙው ወደነበረበት ይመለሳል። እሱን የሚያሳምነው ሙቀት ነው። ደረቁን በብርድ ልብስና በአንሶላ ላይ ወጥሮ የእንፋሎት ካውያን ሳያስነኩ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ማሳለፍ ነው። ካውያው ክሩን ከነካ አክሪሊኩ ይልፈሰፈሳል፣ ያብለጨልጫል፣ ከዚያም መመለሻ የለውም። ይህ በፎም ላይ አይሠራም፤ ፎሙ ይቀልጣል። የበግ ሱፍ ደግሞ ውሃ ይወዳል፣ ግን ሙቅ ውሃና ማሸት አብረው ካገኙት ይጠብቅና ያጥራል፤ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ያለ ምንም ማሸት ነክሮ ማውጣት ነው።

ውጠራ የማያድነውም አለ። አንድ ዙር ከፊተኛው ዙር በአንድ ቋጠሮ ቁመት ርቆ ስለሚሠራ የክቡ ዙሪያ በዚያ ቁመት 6.28 እጥፍ ማደግ አለበት። ቁመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ አጭር ቋጠሮ በየዙሩ ስድስት ያህል ጭማሪ ይጠይቃል፤ ቁመቱ የስፋቱ ሁለት እጥፍ የሆነው አሥራ ሁለት ያህል። ከዚህ ያነሰ ከተጨመረ ሥራው እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፣ ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። ጥቂት ጉድለት በውጠራ ይጠፋል፤ በየዙሩ የተደጋገመ ጉድለት ግን ስንት ስፒል ቢተከልም አይተኛም። በመተርተር መታረም ያለበት ይህ ነው።

ከብዙ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ለሚገጣጠም የአልጋ ልብስ ውጠራው ከመገጣጠሙ በፊት ቢሆን ይሻላል። በአንዱ ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት አይታይም፤ አሥሩ ሲደረደሩ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎኑም ተንጋዶ ይወጣል። ከአናጺ በተረፈ ጣውላ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አራት ቀዳዳ በስቶ ቀጫጭን ልሙጥ እንጨት መትከል ነው፤ እርጥቦቹ አራት ማዕዘኖች በአራቱ እንጨቶች ላይ አንዱ በአንዱ ተደርበው ይደርቃሉ። ስፒልም አይፈልጉም።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዳንቴል ስታርቹ ታጥቦ ይውጣለት፤ ስታርች ነፍሳት ይጠራል፣ በታጠፈበትም ይሰነጠቃል። ሳይታጠፍ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ የካርቶን ጥቅልል ላይ ቢጠቀለል ጥሩ ነው። የውጠራው ወረቀትም አብሮት ይቀመጥ፤ ጥግ ላይ የዳንቴሉ ስፋት፣ የስፒሉ ብዛትና የክሩ ዓይነት ይጻፍበት፤ ከሚቀጥለው እጥበት በኋላ መለካቱ ሳይደገም በዚያው መስመር ላይ ይወጠራል።