ሲኒየር ኤሴና የኋላ ገጾቹ

ተማሪ ሦስት አራት ዓመት ሌሎች የጻፉትን ሲያነብና ሲፈተን ይቆያል። ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ደግሞ "አንተስ ምን አገኘህ?" ይባላል። ሲኒየር ኤሴ ማለት ይኸው ነው።

አሠራሩ እንደየትምህርት ክፍሉ ነው። ኢንጂነሪንግ ፕሮጀክት ያሠራል፤ አንዳንድ የሳይንስ ክፍሎች ተማሪው የታተሙ ጥናቶችን አንብቦ ለመምህራንና ለጓደኞቹ በሴሚናር እንዲያቀርብ ያደርጋሉ። በማኅበራዊ ሳይንስ ግን ርዕስ ይጸድቃል፣ ፕሮፖዛል ይገባል፣ አማካሪ ይመደባል። ከዚያ በኋላ ያለው ረቂቅ ይዞ አማካሪው ቢሮ ደጃፍ መጠበቅና በቀይ እስክሪብቶ የተዥጎረጎረ ወረቀት ታቅፎ መመለስ ነው። ሲያልቅ ሱፍ ተለብሶ ዲፌንስ ይገባል፤ ቀጥሎ ጥረዛ። የምስጋናው ገጽ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ አማካሪ፣ ከዚያ ወላጆች።

የዚህ ሥራ ምርጥ ናሙና ብዬ የማስበው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች የጻፏቸውን ነው። ብዙዎቹ የትውልድ አካባቢያቸውን መርጠዋል፤ የአንድ ከተማ ታሪክ፣ የአንድ ገዳም፣ የአንድ አውራጃ አስተዳደር። ርዕሶቹን ሲያዩ ተመሳሳይ ዓመታት ይደጋገማሉ፦ 1928፣ 1933፣ 1966፣ 1983። ጣሊያን ገባ፣ ወጣ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወደቀ። የአንዲት የገበያ ከተማ ኑሮ በእነዚህ ዓመታት ልክ ተቆርጦ እንደማይለወጥ ግልጽ ነው፤ ግን ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አጥር ያስፈልገዋል፣ አልፈርድበትም።

ዋናው ሀብት ያለው ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ ነው። የመረጃ አቀባዮች ሰንጠረዥ ይመጣል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ከጎኑም ሰውዬው ስለምን እንደሚያውቁ አጭር ማስታወሻ። አንዱ የቀድሞ ዳኛ ናቸው፤ ሌላው ስለ ገበያው አመሠራረት ይናገራሉ፤ አንዷ ጠላ ሲሸጡ የኖሩ እናት ናቸው። ተማሪው ለዕረፍት አገሩ ሲገባ የአባቱን ጎረቤት፣ የአጎቱን የማኅበር ጓደኛ ይዞ ቁጭ ይላል። ሽማግሌ ለማያውቀው ተመራማሪ የማይነግረውን "የእገሌ ልጅ ነህ?" ብሎ ለአገሩ ልጅ ይነግራል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ የቢኤ ጥናቶችን በምንጭነት መጥቀሳቸው አይገርምም።

አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ሽማግሌው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያወሩት በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ ይተርፋል፤ አነጋገራቸው፣ ምፀታቸው፣ መሐል ላይ ጣል ያደረጉት ስንኝ ይቀራል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዕድለኞች ናቸው፤ ፉከራውን፣ እሹሩሩውን፣ ሙሾውን እንደተባለ ጽፈው፣ ትንታኔውንም በአማርኛ ሠርተዋል።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። የተማሪው ቁጥር በመብዛቱ በብዙ ክፍሎች ጥናቱ በቡድን ይሠራል፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያስጠርዛል፣ ሌላው ዲፌንስ ቀን ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ የመጨረሻዎቹ ወራት ለሁለት ተከፍለዋል። ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው "ሪሰርች እናማክራለን" የሚል ማስታወቂያም ማማከር ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ተገዝቶ ከሚጠረዝ ጥናት ይልቅ አንድ ተማሪ ብቻውን የሚያቀርበው ሃያ ገጽ የሴሚናር ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ።

የቆዩትን ማየት የሚፈልግ ስድስት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። በታይፕራይተር የተመቱ አሉ፤ ፊደላቸው የደበዘዘ፣ በእጅ የታረመ። የከተማውን ስም ይዞ ካታሎግ መፈለግ ነው። ካገኘም ከጀርባ ገልጦ ስሞቹን ይይ፤ አያቱን የሚያውቅ ሰው፣ ወይም ራሳቸውን አያቱን፣ እዚያ ሊያገኝ ይችላል።