«የሄደ አይመለስም» የሚሉት ተረት

ጎንደር ከተማ ይሁን ደባርቅ ወይም ጃናሞራ፣ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው «የሄደ አይመለስም» የሚለውን ነው። አባባሉ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልሰፈረም፤ ግን ከሰፈረው ይበልጥ ይሠራል። «አልፈቅድም» ብሎ የሚፈርም የለም፤ ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከባለል የማመልከቻው ቀን ያልፋል። ነገሩን የሚያከፋው ጥንቃቄ መስሎ መቅረቡ ነው፤ ዕድሉን ያባከነው ኃላፊ የመንግሥትን የሰው ኃይል እንደ ጠበቀ ይቆጠርለታል።

ተረቱ ከባዶ አልተነሣም። በደርግ ዘመን፣ በተለይ ከቀይ ሽብር ወዲህ፣ ለትምህርት ወጥተው የቀሩ ብዙ ናቸው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት ውስጥ በገባበት በዚህ ጊዜም መቅረትን የሚያስብ ሰው ቢኖር አይገርምም። ስሕተቱ የአንድን ክፉ ዘመን ሁኔታ የተማሪ ሁሉ ጠባይ አድርጎ መያዙ ላይ ነው። ከደርግ በፊት ልማዱ መመለስ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ውጭ ተምረው ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ እየተለቀሙ ተገደሉ። ከእነርሱ መካከል እንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ይገኛሉ። አባታቸው ራሳቸው የጎንደር ተወላጅ ናቸው፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው፣ ሕንድ አድገውና ሐኪም ሆነው፣ አማርኛውን ረስተው ሳለ ነው አገሬ ብለው የመጡት። ዋስ የጠራቸው ማንም አልነበረም። ከነጻነት በኋላም እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ለትምህርት የወጣው አብዛኛው ተመልሷል፤ ሲመለስ የሚይዘው ወንበር ነበረውና።

እንዲያውም ታሪካችንን በቅጡ ላየ፣ ከቀረው ይልቅ ያስቸገረን የተመለሰው ነው ቢል ከእውነት አይርቅም። ከተመለሱት አንዱ ገርማሜ ንዋይ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው መጡ። ወላይታ ላይ ሲሾሙ መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ማደል ጀመሩ፤ ባለመሬቶቹ አቤት ሲሉ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። መጨረሻው የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሆነ። ሙከራውን ማወደስ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ መንግሥት ያስተማረውን ሰው ምን ሊያሠራው እንደሚፈልግ አለማወቁ ግን ጉዳዩ ነው። ዛሬም በሕዝብ አስተዳደር ማስተርሱን ይዞ የመጣ ወጣት ወደዚያው መዝገብ ቤት፣ ወደዚያው ሥራ ከተመለሰ፣ ለሚቀጥለው ተማሪ የመቅረት ምክንያት የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። ተቃራኒውን ለማየት ከጎንደር መውጣት አያስፈልግም። በ1946 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ በ1970 ዓ.ም. ከጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ጀርመኖቹ ከሄዱ በኋላም ማስተማሩን ኢትዮጵያውያን ቀጠሉት። እንዲህ ባለ ቤት ተምሮ የሚመጣው ሰው የትኛው ክፍል፣ የትኛው በሽተኛ እንደሚጠብቀው ያውቃል።

«እንግዲያው ዋስትናውን ማጥበቅ ነው» የሚሉ አሉ። ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረችው ቦላሻክ የተባለው የትምህርት ዕድል ንብረት በማስያዝና የአገልግሎት ዓመት በማስቆጠር ይታወቃል፤ ለአብነት ሊጠቀስላቸው ይችላል። ግን ይህ እዚህ ቢተከል የሚጎዳው ማን ነው? በሕገ መንግሥታችን መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የዳባት አርሶ አደር ልጅ የሚያሲዘውን ከየት ያመጣል? የሚያልፈው ወላጆቹ ከተማ ውስጥ ቤት የሠሩለት ብቻ ይሆናል፤ ውድድሩም የችሎታ መሆኑ ይቀርና የካርታና የፕላን ይሆናል። የአገልግሎት ውል መፈረሙ ተገቢ ነው፤ በሕዝብ ስም የወጣ ለሕዝብ ይመለስ። ሠራተኛውን ብቻ የሚያስር ውል ግን ግማሽ ውል ነው። መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛው ሲመለስ በየትኛው መደብ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚፈልገው አብሮ ይፈርም። ለዚህ የማይደፍር ኃላፊ ስለ መመለስና መቅረት ባይናገር ይሻላል።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ አያደክሙም። «ወጪው የድሃው አገራችን ነው» ይባላል፤ በአብዛኛው አይደለም። ደቡብ ኮሪያ በትብብር ድርጅቷ በኮይካ፣ ጃፓን በራሷ በጃይካ፣ ቻይና በንግድ ሚኒስቴሯ በኩል ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሰጡትን የማስተርስ ዕድል የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ዕጩ መጠቆምና ፈቃድ መስጠት ነው። (ለጽድቅ ብቻ እንደማይከፍሉ ግልጽ ነው፤ የነገ ሹም ወዳጅ እንዲሆናቸው ይፈልጋሉ።) «ዕድሉ የዘመድ ነው» ለሚለው፣ ጥቆማው በቢሮ በኩል በሚያልፍበት ሁሉ ጥርጣሬው ምክንያት አለው፤ ማስታወቂያውን በግልጽ መለጠፍ ነው መድኃኒቱ። ነገር ግን ሁሉም እንዲያ አይደለም። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ አመልካቹ ራሱ በቀጥታ የሚወዳደርበት ነው፤ ሲጨርስም ቢያንስ ሁለት ዓመት አገሩ እንዲቆይ ያስገድደዋል።

«ሴት ከሄደች አግብታ ትቀራለች» የሚለው ግን በጎንደር ሲነገር ያሳፍራል። አውሮፓ ተምረው የተመለሱትና የዚህችው ከተማ ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ስንዱ ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ከወረራው በፊት አገራቸው ገብተው፣ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ በጣሊያኖች ወደ አሲናራ ደሴት ተግዘው ነበር። ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የሴት ሠራተኛን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ የሚያቆይ የጎንደር ኃላፊ ካለ፣ ቢያንስ የከተማውን ከንቲቦች ታሪክ ያንብብ።