ሞያሌ፦ በወረርሽኝ ወቅት የታመመ እስረኛ ምን መብት አለው?

የሞያሌ ከተማ በድንበር ለሁለት የተከፈለች ናት። በኢትዮጵያ በኩል ሆስፒታል አለ፤ በኬንያ በኩልም እንዲሁ። በኬንያዋ ሞያሌ የሚገኘው ማረሚያ ቤት ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሻገር ሲሞክሩ የተያዙ ኢትዮጵያውያን ከሚታሰሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት ቢታመም፣ ዘመዱ ከድንበሩ ማዶ በቅርብ ርቀት ቢኖር እንኳ ሊደርስለት አይችል ይሆናል።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኬንያና ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ታማሚያቸውን ይፋ ያደረጉት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ኬንያ እስረኛ መጠየቅን አገደች፤ ኢትዮጵያም ከአስፈላጊ ሸቀጦች በስተቀር የየብስ ድንበሮቿን ዘጋች። የጥየቃ መከልከል ትርጉሙ ከናፍቆት በላይ ነው። በአካባቢያችን ባሉ እስር ቤቶች ስንቅ፣ ሳሙናና መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚገቡት በጠያቂ እጅ ነውና።

ሕጉ ግን ሕክምናን ለዘመድ አይተውም። የተባበሩት መንግሥታት እአአ በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ እስረኛ ከእስር ቤት ውጪ ላለው ኅብረተሰብ ከሚሰጠው እኩል ሕክምና በነጻ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋሉ። አስቸኳይ ሕመም ሲያጋጥም ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም፤ ከማረሚያ ቤቱ አቅም በላይ የሆነ ታማሚም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51ም የታሰረ ሰው መብቶቹን ይዞ እንደሚቆይ ይደነግጋል። ድንጋጌው ዜጋና የውጭ አገር ሰው ብሎ አይለይም።

ያም ሆኖ መጨናነቅ ባለበት ክፍል ውስጥ “ርቀታችሁን ጠብቁ” ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። ሁለቱ መንግሥታት የእስረኞችን ቁጥር መቀነስን የመረጡትም ለዚህ ነበር። በኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ለ4 ሺህ 11 ታራሚዎች ይቅርታ አደረጉ። በኬንያም በወቅቱ የጠቅላይ ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመሩት የፍትሕ አካል፣ ቀላል ወንጀል የፈጸሙና ጥቂት ወራት የቀሯቸው ወደ 4 ሺህ 800 ገደማ እስረኞች እንዲፈቱ አድርጓል።

ያለ ፈቃድ ኬንያ በመግባት የተፈረደበት ስደተኛ ግን ሁኔታው ይለያል። በአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ጥፋቱ እስከ 500 ሺህ የኬንያ ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ቅጣቱን ሲጨርስም የሚጠብቀው ወደ አገሩ መመለስ ነው። ድንበር ሲዘጋ መመለሻው መንገድም አብሮ ይዘጋል።

ሌላም ብዙ የማይወራለት ችግር አለ። ተጨናንቀው በሚታሰሩ ሰዎች መካከል በቀላሉ የሚዛመተው የሳንባ ነቀርሳ፣ መድኃኒቱ በአብዛኛው ስድስት ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ሕክምናውን በኬንያ የጀመረ እስረኛ ማስረጃ ሳይሰጠው ድንበር ቢሻገር፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ የሚቀበለው ሐኪም ምን መድኃኒት እንደወሰደና ስንት ወር እንደቀረው አያውቅም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ደግሞ በሽታው መድኃኒት ሊለማመድበት ይችላል።

የታሰረ ኢትዮጵያዊ ኤምባሲው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት በቪየናው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ተረጋግጦለታል። ሆኖም ኤምባሲው የሚገኘው ናይሮቢ ነው፤ ከሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ እስረኛው ወይም ቤተሰቡ ጥያቄውን ለማረሚያ ቤቱ ቀድመው በጽሑፍ ቢያቀርቡና ከመመለሱ በፊት የሕክምና ማስረጃው በእጁ እንዲሰጠው ቢጠይቁ ይመረጣል።