ዝርዝር የለም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በባቱ ባጃጅ ተሳፍሮ ስሙኒ አውጥቶ የሚከፍል ሰው ካየን ቆይተናል። ባለ 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሳንቲሞቹን ያገደ አዋጅ የለም፤ ያሰናበታቸው ገበያው ራሱ ነው። ስለዚህ «ሳንቲም ይቅር ወይስ ይቆይ?» የሚለው ክርክር ጊዜው አልፎበታል። የዛሬው ችግር ሌላ ነው፤ የእነሱን ቦታ የሚሸፍን በቂ ዝርዝር ገንዘብ የለንም፤ ጉድለቱንም በየቀኑ ከኪሱ የሚሞላው በባጃጅ የሚሄደውና ከጉሊት በመደብ የሚሸምተው ነው።

በደርግ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ130 ብር በላይ ወጥቷል። በዚህ ስሌት የዛሬው አንድ ብር የያኔውን ሁለት ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ዶላሩም በበኩሉ ስለረከሰ ስሌቱ ሻካራ ነው፤ አቅጣጫውን ግን በደንብ ያሳያል። በ2002 ዓ.ም. የወረቀቱን አንድ ብር ሊተካ የወጣው ሳንቲም አሁን በተግባር የመጨረሻው ትንሹ ገንዘባችን ሆኗል።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። የባጃጅ ታሪፍ 13 ብር ነው እንበል። ተሳፋሪው 15 ብር ይሰጣል፤ ሾፌሩ «ዝርዝር የለኝም» ይላል፤ ሁለቱ ብር እዚያው ቀረ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 26 ቀን የሚመላለስ ሠራተኛ በወር 104 ብር አጣ ማለት ነው። ይህ ግብር አይደለም፣ ለመንግሥት አይገባም። ሕጋዊ የዋጋ ጭማሪም አይደለም፣ ማንም አላጸደቀውም። ሾፌሩን ሌባ ማለትም አይገባም፤ ዝርዝር ለማግኘት እሱም ይከፍላል። በየመናኸሪያውና በየታክሲ ተራው ሳንቲም ደርድረው የሚሸጡ ሰዎች ከሚመነዝሩት ላይ የተወሰነ ብር ይቆርጣሉ። ሳንቲሙ የሚደርሳቸው በአብዛኛው ከምጽዋት ነው፤ በወርኃዊ በዓላት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሰጠው አንድ ብር ከነዳያን እጅ ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ ሾፌሩ ይሻገራል። ባንክ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ የምጽዋት ገንዘብ እየሠራው ነው።

ጉሊት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይደበቃል። ከመቂና ከባቱ የመጣውን ቲማቲምና ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት የመደቡን ዋጋ በ10 ወይም በ20 ብር ትቆርጣለች፤ ገበያው ሲወደድ ዋጋውን ትታ ከመደቡ ላይ ፍሬ ትቀንሳለች። ዋጋው ያልተነካ ይመስላል፤ የቀነሰው ድስት ውስጥ የሚገባው ነው። ሱቅ ውስጥ በመልስ ፋንታ የሚሰጠው ማስቲካም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው።

ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ችግሩ በከፊል ቀሏል። በ2017 መጀመሪያ ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ተብሎ ሲተመን ያን 14 ሳንቲም በእጁ ቆጥሮ የሚከፍል አልነበረም፤ በስልክ ሒሳብ ግን ሳይጎድል ይከፈላል። ሳንቲም በሒሳብ መዝገብ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ብረቱ ግን አያስፈልግም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ሳንቲሟን ማሰራጨት ስታቆም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የጥሬ ገንዘብ ክፍያ ድምሩ ወደ ቅርቡ አምስት ሳንቲም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ይጠጋል፤ የካርድ ክፍያ እንዳለ ይቆያል። አሜሪካም እያንዳንዱን ፔኒ ለማስመታት ወደ 3.7 ሳንቲም እያወጣች ስትከስር ቆይታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ማስመታቱን አቁማለች።

እኛ ግን ማስቀረቱ ብቻ አይበቃንም። ጎረቤታችን ኬንያ ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ሽልንግ ሳንቲም አላት፤ የትራንስፖርት ሒሳብ በእነሱ ይዘጋል። እኛ በ2013 መጀመሪያ ኖቶቹ ሲቀየሩ ባለ 5 ብሩን ሳንነካው ቀረን፤ ወደ ሳንቲም የመቀየር ሐሳብም ያኔ ተነስቶ ነበር። ዛሬ ያ ኖት በፕላስተር ተጣብቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይታያል፤ የተቀደደውን አልቀበልም የሚለውም ብዙ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከብር በታች ያሉትን ሳንቲሞች በይፋ ሰብስቦ፣ ባለ 1 ብሩን አብዝቶ፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ብር ሳንቲም ቢያወጣ ደግ ነው። ማስመታቱ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ሆኖም ብረት በቶሎ ከሚያልቅ ወረቀት ይልቅ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

እስከዚያው የከተማ ትራንስፖርት ቢሮዎች በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ታሪፉን በአምስት ብር ደረጃ ይተምኑ። ነገር ግን 13 ብርን 15 ማለት ከመቶ 15 በላይ ጭማሪ ስለሆነ፣ ታሪፉ ወደ ላይ በተጠጋበት መስመር የሚያደርሰው ርቀት አብሮ ይርዘም፤ ወደ ታች ሊጠጋ በሚችልበት አጭር መስመር ደግሞ 12 ብሩ 10 ይሁን።